ሞተሩ እንደተፈታ ምጥ መጣ

ይህ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ የሱሉልታ ሜዳ ሣር በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ዛሬም ከቤቴ በታች ባለው የጎጃም መንገድ ላይ መኪና እያቃሰተ የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ከሰማሁ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ እጄ ሥራ አይዝም። ትናንሾቹ ልጆቼ ይስቁብኛል። የሚስቁት ያን ቀን ከኛ ጋር ስላልነበሩ ነው። ታላቋ ልጄ ጥሩወርቅ ግን አትስቅም።

ጥሩወርቅ ያገባችው ለማ የሚባል ሹፌር ነው። የሚኖሩት ጫንጮ ነው። ለማ የአንድ የአዲስ አበባ ወተት ነጋዴ አሮጌ ጂፕ ይዞ፣ ከጫንጮና ከሱሉልታ ወተት እየሰበሰበ ከተማ ያደርሳል። በኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት ስለሆነ፣ ሆዷ ሲገፋ አምጥቶ እኔ ዘንድ ትቷት ነበር። በኛ ስሌት ገና ሳምንታት ይቀሯት ነበር።

ስለ ለማና ስለ እኔ አንድ ነገር አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። እኔና እሱ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ተጣልተን አይደለም። በሰፈራችን የሚስት እናትና የልጅ ባል ይተፋፈራሉ፤ ክብር ነው። እሱ ግቢ ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስላል። እኔ ሳሉን ስሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ጓዳ እገባለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም በእኔ ደጅ እህል አይቀምስም። የምንባባለው ነገር ካለ በሰው በኩል እንባባላለን። ሰው ከጠፋ ደግሞ ለውሻው እንናገራለን። እሱ ከውጭ፣ «ቡቺ፣ ትንሽ ውሃ ቢገኝ ጥሩ ነበር» ይላል። እኔ ከጓዳ፣ «ቡቺ፣ እንስራው በሩ ሥር ነው» እላለሁ። ቡቺ ጅራቱን ይነቀንቃል፤ ሁላችንም እንግባባለን። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖረናል።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ምሽት ለማ መጣ። ጂፑ ውሃ መጠጣት ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ እየቆመ ባሞላው ቁጥር ውሃው ይጠፋል፤ ከኋላው ነጭ ጭስ ይተፋል። ነገሩን ለጎረቤቴ ለአዴ ጫልቱ ሲያስረዳቸው ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ከሞተሩ በላይ «ቴስታታ» የሚሉት ከባድ ብረት እንደ ክዳን ተገጥሟል፤ በክዳኑና በሞተሩ መሃል ደግሞ «ጓርኒሲዮን» የሚባል ስስ ገበር አለ። እሳቱ በእሳትነቱ፣ ውሃው በውሃነቱ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱ ተቃጥሏል። አዲሱን ከከተማ ገዝቶ ይዟል፤ ነገ ጠዋት እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቀይረዋል። እንዲህ እንዳለ እንጦጦን መውጣት አይቻልም።

እራት ላክሁለት። «በልቻለሁ በሏቸው» ብሎ መለሰ። ጂፑ ውስጥ ተኛ። ጠዋትም ቁርስ ላክሁ፤ «በልቻለሁ» ብሎ መለሰ። የልጅ ባል እንዲህ ስለሚል አላስጨነቀኝም።

ለማ ሥራውን የጀመረው ፀሐይ ሳይሞቅ ነው። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁት። ክዳኑን አንስቶ ሣር ላይ አስቀምጦታል። ሞተሩ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ውስጡ የጠቆሩ ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ። ሆዱ የተከፈተ ከብት ያየሁ መሰለኝና አንዳች ነገር ቅር አለኝ። «ይህ ነገር ተመልሶ መኪና ይሆናል?» ብዬ አሰብኩ። እኔ ከትንሽ ነገር የምፈራ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ፣ «ጭንቀት ካልተገኘ ገበያ ወርደሽ ትገዢዋለሽ» ይለኛል። እሱ ያኔ ሰበታ በዘበኝነት ይሠራ ስለነበር ቤት የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነበር።

ጥሩወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ገብስ ትለቅም ነበር። ድንገት ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። «እማ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ። ቀና ስል ቀሚሷ ርሷል።

አዴ ጫልቱን ጠራሁ። እሳቸው የሰፈራችን አዋላጅ ናቸው። የሱሉልታን ግማሽ ሕፃን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ከፍርሃትም ከዝምታም የራቁ ሴት ናቸው። ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚያስቅ ቀልድ ያውቃሉ። «ጀባዱ፣ አይዞሽ፣ አንቺ የወተት ሹፌር ሚስት!» እያሉ ገቡ። ሆዷን ዳሰሱ፤ ተመለከቱ። ከዚያ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ነው መጀመሪያ ያስደነገጠኝ።

ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። «ብርቄ፣ ስሚኝ፤ እንዳትጮኺ። ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው። ደግሞ የመጀመሪያዋ ናት። ይህ ከእኔ እጅ በላይ ነው። ሐኪም ይያት።»

«በእግሩ?» አልኳቸው።

ለምን እንደደገምኩት ልናገር። ታላቅ እህቴ የሞተችው እንዲሁ ነው። የእሷም ልጅ በእግሩ መጣ። በዚያን ዘመን መኪና የሚባል ነገር ስላልነበረን ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ በድሮው የእግር መንገድ እንጦጦን ሊያሻግሯት ወጡ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ ተከተልኩ። ዳገቱ መሃል ላይ ቃሬዛውን አወረዱት። ከዚያ በኋላ አላነሱትም። አልጋ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች ባየሁ ቁጥር ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

የጠዋቱ አውቶቡስ አልፏል። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ሁሉ ሜዳው ላይ ሣር ያጭዳሉ። የአዴ ጫልቱ ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ እግራቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ከዘራቸውን ይዘው መኪና ሊያስቆሙ መንገድ ወረዱ። አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ የሚሄደው ወደ ፍቼ ነው። ከእሱ በኋላ አንዲት ትንሽ መኪና ወደ ከተማ አለፈች፤ የኦቦ ቶሎሳን ከዘራ እንደ ሰላምታ ቆጥራው ይሁን አላውቅም፣ ጥሩንባዋን ነፍታ ሄደች።

ኦቦ ቶሎሳ እያነከሱ ተመለሱ። «ብርቄ፣ መኪና እየጠበቅን አንቀመጥ። አጫጆቹን ልጥራ። በቃሬዛ እየተፈራረቁ ይወስዷታል።»

ቃሬዛ ሲሉ ጆሮዬ ጮኸ። ከውስጥ ልጄ ታቃስታለች። ከውጭ ብረት በብረት ይመታል። ቃሬዛ ቢሄድ እስከ ከተማ ግማሽ ቀን ነው። ጂፑ ቢሠራ ግን ከግማሽ ቀን በፊት ትደርሳለች። ባይሠራስ? ተቀምጠን ጠብቀን ባይሠራ?

«አዴ ጫልቱ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። «መቼ ያልቃል?»

በበሩ ብቅ ብለው ጠየቁና ተመለሱ። «አሁን ያልቃል ይላል።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አስጠየቅሁ። «አያስቡ በሏቸው፣ ደርሷል ይላል።»

ደርሷል? በስንጥቁ አየሁ። ክዳኑ አሁንም ሣሩ ላይ ነው። ለማ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ፊት በቢላ ይፍቃል፤ የተቃጠለው ገበር እንደ አሮጌ ቅባት ተጣብቆበታል። ቢላው ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ እንደገና ወደቀ።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሰው እውነቱን አይነግረኝም። ስለሚያከብረኝ አይነግረኝም። አማቱን እንዴት «አላውቅም» ይበል? እንዴት «ላይሆን ይችላል» ይበል? እኔ ደግሞ በእሱ «ደርሷል» ላይ የልጄን ነፍስ ላስቀምጥ ነው።

አዴ ጫልቱ ከጥሩወርቅ ጋር ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ ደጅ ላይ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ለማ አየኝና እንደ ደንቡ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ቡቺ ከጂፑ ሥር ተጋድሟል።

«ቡቺ» አልኩ።

ውሻው ቀና አለ። ጅራቱን ነቀነቀ። ከቤት ውስጥ ልጄ ጮኸች፤ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለውሻ የምነግረው ነገር ጠፋኝ። ነጠላዬን ከፊቴ ገፈፍኩት።

«ለማ!» አልኩ። ስሙ በአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። «አጥሩን ተወውና እኔን እየኝ።»

ዞረ። ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ። ይህ መኪና ይነሳል ወይስ ቃሬዛ ይምጣ? ለክብሬ ብለህ እንዳትዋሸኝ። ብትዋሸኝ እግዜር ይፍረድብህ።»

ቢላውን አስቀምጦ ቃላቱን እየመረጠ ተናገረ። «ይነሳል፣ እሜቴ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ደህና ነው፤ ሞተሩም አልተሰነጠቀም። ግን አሁን አያልቅም። ፊቱን በደንብ ማጽዳት አለብኝ። ሲታሰርም ቀስ ተብሎ ነው። ተቻኩዬ ካሰርኩት ዳገቱ መሃል ላይ ይለቅብናል፤ ያን ጊዜ ከመኪናውም ከቃሬዛውም ሳንሆን እንቀራለን።»

«ከቃሬዛው ይቀድማል?»

«ይቀድማል። እጄ እሺ ካለኝ።»

«እጅህ ምን ሆነ? ስለ እሷ ፈርተህ ነው?»

«እሱም አለ» አለና የበለጠ አቀረቀረ። «ደግሞ… እህል አልቀመስኩም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ።»

«በልቻለሁ ብለህ አልነበረም ወይ?»

«በእርስዎ ደጅ እንዴት ልብላ፣ እሜቴ?»

ልቆጣው ነበር። ግን እሱ ምን አደረገ? ያደረገው ሁላችንም ስናደርግ የኖርነውን ነው። እኔም ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ «ጨዋ ልጅ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞርኩ። «አጫጆቹን ይጥሯቸው። ቃሬዛውም ይዘጋጅ። ግን ልጄን አታንቀሳቅሷትም፤ መጀመሪያ ይህን እናያለን።» ሁለቱንም ይዤ መጠበቅ ነው የሚቀናኝ።

ቤት ገብቼ እንጀራ በሽሮ ይዤ ወጣሁ። ለማ እጆቹን አየና ፈገግ ለማለት ሞከረ። እስከ ክርኑ ድረስ በዘይትና በጥላሸት ጠቁሯል። ያን ለማስለቀቅ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከታጠበም በኋላ ተመልሶ እዚያው ውስጥ ሊነክራቸው ነው።

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። «አፍህን ብቻ ክፈት።»

ጠቅልዬ አጎረስኩት። እሱ ይፍቃል፤ እኔ አጎርሳለሁ። ዓይኔን ላለማየት እያቀረቀረ ዋጠ። አዴ ጫልቱ ውሃ ሊወስዱ በሩ ላይ ብቅ ብለው አዩንና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ዋቃ! አማት ስታጎርስ አየሁ! እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ!»

«አዴ ጫልቱ፣ በፈጠረዎት ይግቡ!»

«እገባለሁ፤ ግን አንድ ብቻ ሰጥተሽ እንዳትተዪው! አንድ ጉርሻ ያጣላል!»

ከውስጥ ጥሩወርቅ በምጧ መሃል፣ «ምንድን ነው?» ስትል ሰማሁ።

«እናትሽ ባልሽን እያጎረሰች ነው!»

«ውሸት!»

«በዚህ ቀን እዋሽሻለሁ? ቶሎ ወልደሽ ውጪና እይ!»

ልጄ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ግን ሳቀች።

እህሉ ሲገባ የለማ እጅ ቀስ በቀስ ረጋ። ፊቱን ፍቆ ጨረሰ፤ በጨርቅ ወለወለው። ከዚያ አዲሱን ጓርኒሲዮን ከወረቀቱ አወጣ። ስስ ነገር ነው፤ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳዎቹ ዳር እንደ ቀለበት በመዳብ ተከቧል። በጣቱ ቅባት ቀባውና አስተካክሎ አስቀመጠው። ይህን ሁሉ መከራ ያመጣው ከጣቴ ጥፍር የማይወፍር ነገር መሆኑን ሳይ ገረመኝ።

«አሁን ክዳኑን የሚያግዘኝ ሰው ያስፈልጋል» አለ። ግቢውን ዞር ብሎ አየ። ሰው የለም። አጫጆቹ ገና አልደረሱም።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ብረቱን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው እኔ ያዝን። ከበደኝ፤ ጣቶቼ በዘይቱ ተንሸራተቱ። «ቀጥ አድርገው ያውርዱት፣ እሜቴ። ከዘመመ ገበሩ ከቦታው ይሸሻል» አለኝ። እስትንፋሴን ይዤ አወረድኩት። ቦታው ገባ። ለማ አጎንብሶ በዙሪያው አየና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

ከዚያ ማሰሩ መጣ። ይህ ነው ልቤን ያወለቀው። ለማ ክዳኑን ከሚያስሩት ብሎኖች የመሃሉን ዳዶ ጥቂት ያጠብቃል፤ ይተወዋል። ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል፤ እሱንም ጥቂት ያጠብቅና ይተወዋል። ሁሉንም ከዞረ በኋላ እንደገና ከመሃሉ ይጀምራል። ልጄ ትጮሃለች፤ እሱ ይዞራል።

«አንዱን እንኳ ጨርሰህ አጥብቀው እንጂ!» አልኩት።

«ቁርበት ሲወጠር አይተው የለ?»

«አይቻለሁ።»

«በአንድ በኩል ብቻ ከሳቡት ምን ይሆናል?»

ቁርበት ብዙ ወጥሬአለሁ። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው ስበህ ችካል ከመታህ ሌላው ጎን ይጨማደዳል፤ ከዚያ በኋላ አይቃናም። እዚህ ጥቂት፣ ትይዩው ጥቂት ነው። አልተከራከርኩትም።

በዚህ መሃል አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። ቃሬዛውን ከአጥሩ አስጠግተው ቆሙ። እንጨቱን ሳየው የእህቴ እግር ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ የታየኝ መሰለኝ። አንዱ ጎረምሳ ለጓደኛው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ከምንቆም ብንሸከማት እኮ እስካሁን ዳገቱን በጀመርን» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ቢሆንስ? ውሳኔው የእኔ ነው። ልጄ ብትሞት ያዘገየኋት እኔ ነኝ።

«ውሃ!» አለ ለማ። እንስራውን ራሴ ተሸክሜ አመጣሁ። ቀስ ብሎ ሞላ። ጎንበስ ብሎ በክዳኑ ዙሪያ አየ። እኔም አጠገቡ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠብታ የለም።

ለማ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ አጫጆቹ ከኋላ ገፉት። ጂፑ አስነጠሰ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ተነሳ። ወዲያው ከኋላው ነጭ ጭስ ቦለቀ።

«ያው ነው! ያው ነጩ ጭስ!» ብዬ ጮህኩ።

«ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ ይጠፋል» አለ ለማ። ጭሱን እያየሁ ማርያምን ለመንኩ። ሳሳ። ደግሞ ሳሳ። ጠፋ።

የወተት ማሰሮዎቹን አውርደን ፍራሽ አነጠፍን። ጥሩወርቅን አስተኛናት፤ አዴ ጫልቱ ከጎኗ፣ እኔ ነጠላዬን መልሼ ተከናንቤ ከፊት ተቀመጥን። ልንነሳ ስንል፣ «ቃሬዛውንም ጫኑልኝ» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ብርቄ፣ ጂፑ ቢሰማሽ ይቀየማል።»

«ይቀየም። ጫኑልኝ።»

ጫኑልኝ።

ሜዳውን በደህና አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። እኔ የማየው መንገዱን አይደለም፤ የማየው የጂፑን አፍንጫ ነው፤ እንፋሎት ይወጣል ብዬ። ከኋላ አዴ ጫልቱ ቀልዳቸውን ትተው ጸሎት ይዘዋል። መሃል ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ በሚጠጉበት ቦታ፣ ለማ ፍሬን ያዘና መንገዱ ዳር ቆመ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም፣ እሜቴ። ብረቱ ሲሞቅ ዳዶዎቹ ይላላሉ። አንድ ዙር ካላጠበቅኋቸው ጫፍ አንደርስም።»

«ድረስና እዚያ አጥብቀው!»

«ለማ፣ ብትፈጥን ይሻላል!» አሉ አዴ ጫልቱ ከኋላ። «እግሩ ታየኝ!»

ቦታውን ተመለከትኩ። የድሮው የእግር መንገድ ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ አስፋልቱን የሚያቋርጠው እዚያ ነው። እህቴን ያወረዷት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከዓለም ቦታ ሁሉ ተመርጦ እዚህ ይቁም? «አትቁም! ሂድ!» ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ።

ለማ ቀጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እውነቱን ንገረኝ ብለውኛል። እውነቱ ይህ ነው። አሁን በፈቃዳችን ካልቆምን ኋላ ሳንፈቅድ እንቆማለን።»

አፌን ዘጋሁ። «ፍጠን» አልኩት።

ኮፈኑን ሲከፍት ወላፈኑ ገረፈን። ቁልፉን አስገብቶ ሊያጠብቅ ሲል ክንዱ የጋለውን ብረት ነካና ጮኸ። ጨርቁን ፈለገ፤ ጨርቁ በቤንዚን ርሷል፤ እዚያ ሙቀት ላይ ሊያቀርበው አይችልም። ዙሪያውን አየ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ ዘረጋሁለት።

«ነጠላዎን?»

«ያዝ እንጂ!»

እጁን ጠቀለለበት። ከመሃል ጀመረ፤ ተሻገረ፤ ተመለሰ። እንደ ጠዋቱ ነው፤ አልተቻኮለም። ከነጠላው የተቃጠለ ጥጥ ይሸታል። እኔ ባዶ ራሴን መንገድ ዳር ቆሜ፣ በአንድ ጆሮዬ ልጄን፣ በሌላው የዳዶውን ጭርጭርታ እሰማለሁ። ኮፈኑ ሲዘጋ ዘልዬ ገባሁ።

ጂፑ ጫፉን ወጣ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከተማዋ ከታች ታየች። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ሐኪም ቤት በር ላይ ጥሩወርቅን ተቀብለው አስገቧት፤ አዴ ጫልቱም «እኔም ባለሙያ ነኝ» ብለው ተከትለው ገቡ። እኔና ለማ ግቢው ውስጥ ቀረን። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። መንገዱ አልቋል፣ ሞተሩ የለም፣ የሚያናግረን ሥራ የለም። በልማድ እጄን አንስቼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ልስብ ፈለግሁ። እጄ አየር ጨበጠ። ነጠላዬ ለማ ጉልበት ላይ ነው፤ ጠቁሮ፣ ጫፉ ተቃጥሎ። እጄን ሲያይ አየሁት። ሊመልስልኝ አነሳውና ሁኔታውን አይቶ አፍሮ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ብዙ ቆየን። ነርሷ ብቅ ብላ፣ «የጥሩወርቅ ሰዎች!» ስትል ሁለታችንም እኩል ተነሳን።

«ወንድ ልጅ ነው። በእግሩ ቆሞ ነው የመጣው» አለች። «እናትየው ደክማለች እንጂ ደህና ናት። ትንሽ ብትዘገዩ ግን…» ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም።

ለማ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። የእጁ ጥቁር አሻራ ቀሚሴ ላይ ቀረ። «ተነስ፣ ልጄ» አልኩት።

ልጁ ዘንድሮ ፊደል መቁጠር ጀምሯል። ሲሮጥ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አዴ ጫልቱ፣ «በእግሩ የመጣ እንዴት ይቀመጥ?» ይላሉ። ለማ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ገብቶ ይበላል። በሰፈሩ መጀመሪያ ተወርቶብኝ ነበር፤ «ብርቄ ከልጇ ባል ጋር በአንድ ገበታ ትቀርባለች» ያሉ አሮጊቶች ነበሩ። እኔም ቢሆን ቶሎ አልለመድኩትም። አሁንም ሳሉን ደጃፍ ላይ ስሰማ እግሬ ወደ ጓዳ ሊሄድ ይነሳል፤ ከዚያ ትዝ ይለኝና እመለሳለሁ። ቡቺ ብቻ ሥራ ፈትቷል።

ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። ልጄ በየወሩ ከባሏ ጋር በዚያው ጂፕ ከተማ ትወርዳለች፤ እስክትመለስ አልቀመጥም። ያን ቀን ያ ጎረምሳ ያለው ቃል፣ ነርሷም ሳትጨርሰው የቀረችው ቃል፣ እንጀራ ስቆርስ ሳይቀር ይመጡብኛል። ለማ ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ እንዲያየው እጠይቀዋለሁ። ሳይስቅ ከፍቶ ያያል። ያየውንም ደህና ከሆነ ደህና ነው፣ ካልሆነ አይደለም ብሎ ይነግረኛል። እንደ ድሮው «አያስቡ» አይለኝም።

ነጠላዬን በእንዶድ ደጋግሜ አጠብኳት። ዘይቱ አልለቀቀም። ለቤተ ክርስቲያን አልለብሳትም፤ ለማ ሲመጣ ግን የምለብሰው እሷን ነው፤ ትከሻዬ ላይ። ሲሄድም እሷን እንደለበስኩ በር ላይ ቆሜ ዳገቱን ሲጀምር አዳምጣለሁ። ከድምፁ ውስጥ አንድ የላላ ነገር የሰማሁ ከመሰለኝ ውሻ አልፈልግም። በስሙ እጠራዋለሁ።